ጫካ ከመግባታችሁ በፊት አዳራሽ ግቡ፦ የእንጉዳይ ክበብ ንግግርን እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ

አገር ቤት ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ፣ እዚህ ሲያትል ዝናቡ ገና ሊጀምር ነው። አንድ ሁለት ሳምንት ከዘነበ በኋላ የመንገድ ዳር ዛፍ ስር፣ የአፓርታማው ሣር ላይ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ፓርክ ውስጥ ሳይቀር እንጉዳይ ይፈላል። እኔ ባደግሁበት ሰፈር የዚህ ነገር ስሙ የጅብ ጥላ ነበር። የጅብ ጥላ አይነካም፤ አለቀ፣ ክርክር የለውም። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ግን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንቢል ይዞ ጫካ እየገባ፣ ሱቅ ውስጥ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን ቢጫ እንጉዳይ በነጻ ለቅሞ ሲመጣ አየሁ። ጾሙ ደግሞ ረጅም ነው። ሽሮና ምስር የሰለቸው ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቁታላችሁ።

ደግነቱ ጫካ ሳልገባ አዳራሽ ገባሁ። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ከተማ እንጉዳይ የሚወዱ ሰዎች ክበብ አላቸው። በየወሩ ይሰበሰቡና አንድ አዋቂ ጋብዘው ስለ ዱር እንጉዳይ ያናግራሉ። ከዚህ በታች የጻፍኩት ለአራት ዓመት ስመላለስ የተማርኩትን ነው። ግማሹን የተማርኩት ተሳስቼ ነው።

1. ክበቡን አግኙት

ጎግል ላይ ስትፈልጉ "መሽሩም ክለብ" ብቻ ብላችሁ አታቁሙ። ማይኮሎጂ የሚሉት የፈንገስ ጥናትን ነው፤ "ማይኮሎጂካል ሶሳይቲ" ብላችሁ የከተማችሁን ስም ጨምሩበት። ሲያትል ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፤ ፒዩጀት ሳውንድ ማይኮሎጂካል ሶሳይቲ ከ1964 ጀምሮ አለ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መሰብሰቢያው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያለው ሴንተር ፎር ኧርባን ሆርቲካልቸር ነው። ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ላላችሁ ማይኮሎጂካል አሶሲዬሽን ኦፍ ዋሽንግተን የሚባል አለ፤ ስሙ አያሳስታችሁ፣ ያኛው የዲሲው ነው። ዴንቨር ላላችሁ የኮሎራዶው አለ። የቦስተኑ ደግሞ ከ1895 ጀምሮ ያለ ሽማግሌ ነው። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ የሰሜን አሜሪካ ማይኮሎጂካል አሶሲዬሽን ድረ ገጽ ላይ የክበቦች ዝርዝር አለ።

ከዚያ የቀን መቁጠሪያቸውን ክፈቱ። አንዳንዱ ንግግር ለማንም ክፍት ነው፣ አንዳንዱ ለአባላት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ በዙም ነው። ግልጽ ካልሆነላችሁ ኢሜይል ላኩና "አባል አይደለሁም፣ መምጣት እችላለሁ?" በሏቸው። እስካሁን አትምጣ ያለኝ የለም። የአባልነት ክፍያው ብዙ ቦታ በዓመት አንዴ ቤተሰብ ይዛችሁ ምሳ ከምትበሉበት አይበልጥም። ግን መጀመሪያ እንግዳ ሆናችሁ እዩት፣ ገንዘቡ የትም አይሄድም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ 7:00 ፒኤም ካለ በኛ ምሽት 1 ሰዓት ነው። እሱን ማንም ያውቃል። የማናውቀው ግን 1 ሰዓት ማለት 1 ሰዓት ማለት መሆኑን ነው።

2. ርዕሱን ሳታነቡ አትሂዱ

እኔ የመጀመሪያዬን ሳላነብ ሄድኩ። ንግግሩ ኮርቲናሪየስ ስለሚባል የእንጉዳይ ወገን ዲኤንኤ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያለው ሥዕል ሲያሳዩን፣ አጠገቤ ያሉት አሮጊት ማስታወሻ ሲጽፉ፣ እኔ ብስኩት ስበላ አመሸሁ። ንግግሩ መጥፎ አልነበረም፣ እኔ ነኝ ያለ ክፍሌ የገባሁት።

ለጀማሪ የሚሆነው "የጀማሪዎች መለያ"፣ "የአካባቢያችን መርዛማ እንጉዳዮች"፣ "የመከር ለቀማ" የሚል ዓይነት ርዕስ ያለው ነው። ወቅቱ ይረዳችኋል። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ስለሚበሉት ያወራሉ፣ ምክንያቱም ለቀማው ያኔ ነው። በፈረንጆቹ ስፕሪንግ ላይ ሞሬል ስለሚባለው፣ የንብ ቀፎ ስለሚመስለው እንጉዳይ ያወራሉ፤ እሳት የበላው ጫካ ውስጥ በማግስቱ ዓመት የሚወጣው እሱ ነው። በፈረንጆቹ ዊንተር ላይ ደግሞ ሌላ ሌላ ነገር ይመጣል፣ በእንጉዳይ ሱፍ ማቅለም ሳይቀር። እሱንም ወድጄዋለሁ፣ ግን ለሁለተኛ ዓመት አቆዩት።

3. ስድስት ቃል ያዙ

ተናጋሪው ቶሎ ቶሎ ነው የሚናገረው፣ እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ባትሆኑም ቃላቱ ባዕድ ናቸው። እነዚህን ካወቃችሁ ግን ግማሹ ይገባችኋል። ካፕ ቆቡ ነው። ጊል ከቆቡ ስር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረው ስስ ቅጠል ነው። ስቴም ወይም ስታይፕ እግሩ ነው። ሪንግ እግሩ ላይ እንደ ጉርድ ቀሚስ የተንጠለጠለው ቀለበት ነው። ቮልቫ ከእግሩ ግርጌ፣ ብዙ ጊዜ አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚገኝ ከረጢት ነው። ስፖር ደግሞ ዱቄት የሚመስለው ዘሩ ነው። ቮልቫን አስምሩበት፣ እመለስበታለሁ።

የላቲን ስም ሲጠሩ አትደንግጡ። ፈረንጆቹ ሊኮሩ አይደለም እንዲያ የሚያደርጉት። አንዱ እንጉዳይ በሩሲያውያን፣ በቻይናውያን፣ በላኦስ ሰዎች የተለያየ ስም አለው። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ሁሉም አሉ። በላቲን ሲጠራ ሁሉም ስለ አንድ ነገር እንደሚያወሩ ያውቃሉ። እኛም ዘንድ የሚበላውም የሚገድለውም "የጅብ ጥላ" ሲባል አልነበር?

4. እንጉዳይ ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን በደንብ ይዛችሁ

ከሁሉም የሚጠቅመው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው። ብዙ ክበቦች ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጠረጴዛ ያወጣሉ። ሰው ያገኘውን እንጉዳይ ያመጣል፣ የሚያውቁት ሰዎች አይተው ስሙን ይነግሩታል። የሲያትሉ ክበብ በመከር ወራት ለዚሁ ብቻ የሚሆን ሌላ ቀን ሳይቀር አለው። በነጻ ነው። ለብቻችሁ ሃምሳ ሰዓት መጽሐፍ ብታገላብጡ የማታገኙትን በአምስት ደቂቃ ታገኛላችሁ።

እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ከአፓርታማችን ፊት ለፊት ያገኘሁትን ነጫጭ እንጉዳይ በቢላ ከላይ ከላይ ቆርጬ፣ በሱቅ ፌስታል አድርጌ፣ መኪና ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ አስቀምጬ ወሰድኩት። ጠረጴዛው ላይ ሳፈሰው ሾርባ ነበር። ሰውየው በትዕግስት አዩትና "ግርጌው የታለ?" አሉኝ። ግርጌው ቤት ቀርቷል፣ አፈር ውስጥ።

እንዲህ አድርጉት። እንጉዳዩን አትቁረጡት፣ አትንቀሉትም። በማንኪያ ወይም በትንሽ ቢላ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነግርጌው አውጡት፣ አፈሩንም አታራግፉት። አንዱ ካለበት ቦታ ሁለት ሦስት ውሰዱ፤ ገና የሚወጣ ጨቅላ፣ የደረሰ፣ ከቻላችሁ ያረጀም ጨምሩ፣ ምክንያቱም እንጉዳይ እንደ ሰው ነው፣ በልጅነቱና በሽምግልናው መልኩ አይመሳሰልም። በወረቀት ከረጢት ወይም በሰም ወረቀት ጠቅልሉት። ፌስታል ያልበዋል፣ ያበሰብሰዋል። አንዱን ዓይነት ከሌላው ጋር አታደባልቁ። ማታ ለሚሆን ስብሰባ ጠዋት ካወጣችሁት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፣ ልጆችና የቤት ሰው "ለወጥ ነው" ብለው እንዳይወስዱት ግን ላዩ ላይ በትልቁ ጻፉበት።

ደግሞም ከመቆፈራችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱ፦ ከላይ፣ ከጎን፣ ከስር። አጠገቡ ያለውን ዛፍም አንሱ፣ ቅጠሉን ጭምር። ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ "ከምን ዛፍ ስር አገኛችሁት?" ብለው ነው። ብዙ እንጉዳይ ከአንድ ዓይነት ዛፍ ሥር ጋር ተያይዞ ነው የሚኖረው፣ ስኳሩን ከዛፉ ይወስዳል፣ ውሃና ማዕድን ለዛፉ ይሰጣል። ዛፉን ማወቅ ማለት የእንጉዳዩን ሰፈር ማወቅ ማለት ነው።

ትጉ ከሆናችሁ የስፖር ህትመትም ይዛችሁ ሂዱ። እግሩን ቁረጡና ቆቡን፣ ቅጠሎቹ ወደ ታች ሆነው፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ብርጭቆ ድፉበትና እደሩ። ጠዋት ስታነሱት ዱቄቱ በቅጠሎቹ ቅርጽ ወረቀቱ ላይ ታትሟል። ነጭ ከሆነ ጥቁሩ ላይ ይታያል፣ ሮዝ ወይም ቡኒ ከሆነ ነጩ ላይ። ልጆች ይወዱታል፣ ብቻ እጃቸውን አስታጥቧቸው።

5. "ይበላል ወይ?" ብላችሁ አትጀምሩ

የሁላችንም የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄው ነው፣ አውቃለሁ። ግን እሱን ከጠየቃችሁ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው፣ ቤት ስትደርሱ ምንም አላወቃችሁም። ይልቅ "ይሄን ከምን ጋር ነው ሰው የሚያሳስተው?" በሏቸው። ይሄን ስትጠይቁ የሰዎቹ ፊት ሲበራ ታያላችሁ። "እናንተ በምን ለያችሁት?" በሉ። "እዚህ አካባቢ የት ነው የሚበቅለው፣ መቼ?" በሉ። (ትክክለኛውን ቦታ ግን አትጠይቁ። የእንጉዳይ ቦታ እንደ ባንክ ሚስጥር ቁጥር ነው፣ ለወንድማቸውም አይናገሩም።)

ተናጋሪው በጨረሰ ጊዜ እጅ አውጡ። አክሰንቴ ምናምን ብላችሁ አትፈሩ፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ግማሹ ሰው አክሰንት አለው። አንዴ አንዱ ስለ አፍሪካ እንጉዳይ ጠየቀኝና አገር ቤት፣ በተለይ ደቡብ ምዕራብ፣ ከኩይሳ ስር ስለሚወጣው ትልቁ እንጉዳይ ነገርኳቸው። ተርሚቶማይሲስ እንደሚባል እነሱ ነገሩኝ። እነዚያ ምስጦች ያለ እሱ፣ እሱም ያለ እነሱ አይኖርም። ምስጦቹ ጎሬያቸው ውስጥ እንደ ገበሬ ያለሙታል። የሚገኘው ደግሞ አፍሪካና እስያ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው ቆም ማለት ያለባችሁ፦ አገር ቤት እሱን ለቅሞ የበላ ሰው አሜሪካ ውስጥ የሚመስለው ቢያገኝ፣ ያ ያገሩ እንጉዳይ ሊሆን አይችልም። ዓይናችሁ ያውቀዋል ቢላችሁም ዓይናችሁን አትመኑት።

6. ስለ አንዱ ብቻ በደንብ ስሙ

ሌላው ሁሉ ቢያመልጣችሁ፣ ዴዝ ካፕ ሲባል ስልካችሁን አስቀምጡ። የሞት ቆብ እንበለው። በላቲን አማኒታ ፋሎይደስ። ቆቡ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ነው፣ አንዳንዴ የገረጣ። ቅጠሎቹ ነጭ። እግሩ ላይ ቀለበት፣ ግርጌው ላይ ያ ከረጢት፣ ቮልቫ። የመጣው ከአውሮፓ ነው፣ ከውጭ ከመጡ ዛፎች ሥር ጋር ተሸሽጎ። ስለዚህ ሲያትል ውስጥ ሩቅ ጫካ አያስፈልገውም፣ በከተማው ውስጥ በተተከሉ ዛፎች ስር፣ በሰው ደጅ ይበቅላል። ጣዕሙ መጥፎ አይደለም ይላሉ የተረፉት፣ ክፋቱም እሱ ነው። አማቶክሲን የሚባለው መርዙ በመቀቀል፣ በመጥበስ፣ በማድረቅ አይጠፋም። አንዱ ቆብ ብቻ አንድ አዋቂ ለመግደል ይበቃል።

የሚያታልለው ሰዓቱ ነው። ዛሬ ማታ በልታችሁ ቶሎ አያማችሁም። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው ማስታወክና ተቅማጥ የሚጀምረው። ከዚያ ቀለል ይላችኋል። "ተመስገን አለፈልኝ" ትላላችሁ። በዚያ ሰዓት ጉበታችሁ እየሞተ ነው። በዲሴምበር 2016 ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ 14 ሰዎች በዚህ እንጉዳይ ተመረዙ፣ ሦስቱ የሌላ ሰው ጉበት ተተክሎላቸው ነው የዳኑት።

ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ስደተኞች በዚህ እንጉዳይ በተደጋጋሚ ተጎድተዋል። አገራቸው በሩዝ ገለባ ላይ የሚበቅል፣ ቮልቫ ያለው፣ በጨቅላነቱ እንቁላል የሚመስል የሚበላ እንጉዳይ አለ፣ የሞት ቆብም በጨቅላነቱ እንቁላል ይመስላል። ልዩነቱ አንዱ በስፖሩ ነው፦ የገለባው ሮዝ ነው፣ የሞት ቆብ ነጭ ነው። ያ የብርጭቆ ህትመት ለምን እንዳስፈለገ አሁን ገባችሁ። እኔ ቆርጬ የወሰድኩት ሾርባም፣ ግርጌው ስላልነበረ፣ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ንግግሩ ላይ የሚያፈርሷቸው ተረቶች አሉ፣ ቤታችሁ ስትመለሱ ለእናታችሁም ንገሩ። ብር ማንኪያ ከትታችሁበት ካልጠቆረ ይበላል፦ ውሸት። ትል ከበላው ሰውም ይበላዋል፦ ውሸት። ነጭ ሽንኩርት ያረክሰዋል፦ ውሸት። የስልክ አፕ ነገረኝ፦ አፑ ሲሳሳት ድንገተኛ ክፍል የሚተኛው አፑ አይደለም።

7. ከአዳራሹ ወደ ጫካው

ሁለት ሦስት ንግግር ከሰማችሁ በኋላ ክበቡ ከሚያዘጋጀው የጫካ ጉዞ ጋር ውጡ። ብቻችሁን አትውጡ። ጉዞው ብዙ ጊዜ ለአባላት ነው፣ ገንዘባችሁን መክፈል ያለባችሁ አሁን ነው። የሲያትሉ ክበብ ኦክቶበር ላይ የሚያደርገው ትልቁ የእንጉዳይ ኤግዚቢሽን ደግሞ ለሕዝብ ክፍት ነው። ከየጫካው የመጣው ሁሉ ስሙ ተጽፎበት ተደርድሮ ታያላችሁ፣ የሞት ቆብን ከአጠገቡ ቆማችሁ የምታዩትም እዚያ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ ሻንተሬልን ተማሩ። ያ ባልደረባዬ የሚለቅመው ቢጫው እሱ ነው። ከቆቡ ስር ያለው እንደ ገጽ የሚገለጥ ቅጠል ሳይሆን ከሥጋው ጋር አንድ የሆነ ሽብሽብ ነው፣ እግሩ ላይ ወርዶ ይቀራል። እግሩን ስትሰነጥቁት ውስጡ ነጭ ነው፣ የልጆች ምሳ ዕቃ ውስጥ እንደምትከቱት ቺዝ በክር በክር ይቦጨቃል። ከአፈር ነው የሚወጣው፣ ከእንጨት ላይ አይወጣም። እነዚህን ሁሉ ካሟላ በኋላም ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

መሬቱ የማን እንደሆነ ጠይቁ። የፌዴራል ጫካ፣ የስቴት ፓርክና የከተማ ፓርክ ሕጋቸው ለየቅል ነው፣ የሚፈቀደው መጠንም እንደዚያው። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ስቴት ፓርክ ስትሄዱ መኪናችሁ ላይ ዲስከቨር ፓስ የሚባለውን የመኪና ፈቃድ አድርጉ።

ስትበሉት በደንብ አብስሉት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቂት ብቻ፣ አንድ ዓይነት ብቻ። ትንሽ ጥሬውን በወረቀት ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀሩ። ችግር ከመጣ ሐኪሞቹ ያዩታል። አንድ ሰው የማያውቀውን እንጉዳይ ከበላ፣ ባያመውም፣ ወዲያው ወደ 1-800-222-1222 ደውሉ። በመላው አሜሪካ የሚሠራ የመርዝ መረጃ መስመር ነው፣ 24 ሰዓት፣ በነጻ፣ አስተርጓሚም ጠይቁ። ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው 911።

8. ባዶ እጃችሁን አትሂዱ

ይሄ ግዴታ አይደለም፣ ባህላችን ስለማያስችለን ነው። ከንግግሩ በኋላ ቡናና ብስኩት አለ፣ ሰው ከቤቱ ያመጣል። ድፎ ዳቦ ይዛችሁ ብትሄዱ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ወንበር ለማጠፍ ከቆያችሁ ደግሞ ተናጋሪውን ብቻውን ታገኙታላችሁ፣ ማንም ያልሰማውን የሚያወራውም ያኔ ነው። የሲያትሉ ክበብ ዓመታዊ የእራት ግብዣ አለው፣ ስሙ "የተረፉ ሰዎች ግብዣ" ነው። ሲነግሩኝ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር።

እኔ ባለፈው ዓመት ለአንዱ ስብሰባ የእንጉዳይ ጥብስ በቃሪያና በሽንኩርት ሠርቼ በእንጀራ ወሰድኩ። እናንተም እንዲህ ካደረጋችሁ "ከሱቅ የተገዛ" ብላችሁ ወረቀት ለጥፉበት። እኔ አልለጠፍኩም። ሰው ሁሉ ሽታውን አደነቀ፣ ማንም አልነካውም፣ ሰሃኑ እንደሞላ ወደ ቤት መለስኩት።